የከተማችን የፖሊስ አዛዥ በምርጫ ቢሆን ኖሮ ምን ቃል እናስገባው ነበር?



በአሜሪካ በአብዛኞቹ ካውንቲዎች ሸሪፍ የሚባል የሕግ አስከባሪ አዛዥ አለ። ስሙ ከዐረብኛው «ሸሪፍ» ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም፤ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣና የአውራጃ ሹም ማለት ነው። ዛሬ በአገሪቱ ከ3 ሺህ በላይ ሸሪፎች ሲኖሩ አብዛኞቹ የሚመረጡት በሕዝብ ድምፅ ነው። ተወዳዳሪው ሰው ፊት ቆሞ እስር ቤቱን እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ ፖሊሶቹን የት እንደሚያሰማራ፣ በጀቱን በምን እንደሚያውል ይናገራል። ቃሉን ካጠፈ በሚቀጥለው ምርጫ ይጠየቅበታል።

እኛ ጋ አሠራሩ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስን የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። አዛዡም ይሾማል እንጂ አይመረጥም። አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጊንጪም ሆነ ጌዶ ወይም ባኮ፣ አዲሱ አዛዥ ማን እንደሆነ የምንሰማው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ምርጫ ቢኖር ሁሉም ይስተካከላል እያልን አይደለም። በድምፅ የሚመረጥ አዛዥ ብዙኃኑን ለማስደሰት ሲል በቁጥር አነስተኛ የሆነውን ሊገፋ ይችላል። በነዚህ ከተሞች በቁጥር አነስተኛ የሆንነው እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ነገር ግን የሚሾምም ቢሆን «መጀመሪያ ምን ልትሠራ አስበሃል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ሹም ሁሉ ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል።

ጥያቄው በአምቦና በአካባቢዋ የሚከብድበት ምክንያት አለው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሳ አምቦ ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት ምዕራብ ሸዋን ጎድቷል። በዚህ ውስጥ ያደገ ወጣት የደንብ ልብስ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ጠባቂ ላይሆን ይችላል። አዲስ አዛዥ የሚረከበው ቢሮና መኪና ብቻ አይደለም፤ ይህን ትዝታ አብሮ ይረከባል።

እኛ ብንጠየቅ የምናስቀድመው እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ የእስረኛ መዝገብ። ከኛ አንዱ ወንድሙ ተይዞበት ምግብ በፌስታል አንጠልጥሎ ሦስት ጣቢያ ዞሯል። ሁሉም ጋ «እዚህ የለም» ተባለ። በአራተኛው ቀን የተገኘው መጀመሪያ በጠየቀበት ጣቢያ ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። እናታቸው በነዚያ ቀናት ውስጥ ምን እንደሆኑ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡ፣ ጠበቃው፣ ሐኪሙና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎች ባደረገው ክትትል በጊዜው ፍርድ ቤት ያልቀረቡ ሰዎችን አግኝቷል። እዚህ ላይ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየጣቢያው በር ላይ ለጠየቀ ቤተሰብ የሚከፈት መዝገብ፣ በየማለዳው «48 ሰዓት የሞላው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አዛዥና ፍርድ ቤት ልቀቅ ሲለው የሚለቅ ጣቢያ ነው።

ሁለተኛ፦ ፍተሻ። መንገዱ ስጋት አለበት፤ እገታውንም ሁላችንም እንሰማለን። ስለዚህ መፈተሽን አንቃወምም። ግን ቦርሳ መፈተሽ አንድ ነገር ነው፤ «ስልክህን ክፈት» ብሎ መልእክትና ፎቶ ማንበብ ሌላ ነው። አንቀጽ 26 ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል። አዛዡ ምን እንደሚፈተሽና ምን እንደማይፈተሽ ለፖሊሱም ለኛም ግልጽ ያድርግ። ፈታሹም ስሙ ወይም ቁጥሩ ደረቱ ላይ ይታይ። ሒጃብ የለበሰች እህት ስትፈተሽ ፈታሿ ሴት ትሁን።

ሦስተኛ፦ ትንንሽ የሚባሉ ወንጀሎች። ስልኩ የተሰረቀበት ተማሪ፣ ባጃጁ የተወሰደበት ሹፌር፣ ባሏ የደበደባት ሴት ጣቢያ ሄደው «ነገ ተመለሱ» ከተባሉ ሁለተኛ አይሄዱም። ሴቲቱን «ሂጂ፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ መመለስ ደግሞ ከነቁስሏ ለደብዳቢዋ ማስረከብ ነው። አቤቱታ ያቀረበ ሁሉ የመዝገብ ቁጥርና ጉዳዩን የያዘውን መርማሪ ስም ይዞ ይውጣ።

አራተኛ፦ ፖሊሱ ራሱ። ብዙዎቹ ተራ ፖሊሶች እንደኛው ተከራይተው የሚኖሩ፣ በአነስተኛ ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። በግጭቱም ሞተዋል፤ ቤተሰቦቻቸው ሐዘን ተቀምጠዋል። ሳያርፍ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። «ለሻይ» የሚለው ጥያቄም አንዱ ምንጩ ችግር ነው፤ ምክንያት ይሆናል እንጂ ሐላል አያደርገውም። ጥሩ አዛዥ የሠራዊቱን ፈረቃ ያስተካክላል፣ መብቱን ይጠይቅለታል፤ ያጠፋውን ግን አይሸፍንለትም።

አምስተኛ፦ ሰሚ ጆሮ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በሐጅ ወቅት ሹሞቻቸውን ጠርተው ሕዝቡ ያለውን ቅሬታ ፊት ለፊት እንዲናገርባቸው ያደርጉ እንደነበር ታሪክ ያወሳል። እኛ የምንለምነው በወር አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ሐጂውም ቄሱም፣ የባጃጅ ሹፌሩም የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም በኦሮምኛም በአማርኛም ተናግሮ መልስ የሚያገኝበት ስብሰባ ይኑር። የተናገረ ሰው ማታ ቤቱ እንዳይንኳኳበት ዋስትና ካልተሰጠ ግን ስብሰባው ባዶ አዳራሽ ነው።

ከአምስቱ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ልጁ የት እንዳለ ያልተነገረው አባት ሌባ አይቶ ፖሊስ አይጠራም፤ ለምስክርነትም አይቀርብም። ምስክር ያጣ ፖሊስ ደግሞ ወንጀለኛውን ስለማያገኝ ያገኘውን ይይዛል። ያለ ጥፋቱ በተያዘው ልጅ ምክንያት ሌላ አባት ይቀየማል። መዝገቡን የከፈተ አዛዥ የዚህን አዙሪት መነሻ ይዘጋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ የኛም ድርሻ አለ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ምንጩ ያልታወቀ ስልክ አንግዛ። ሌባ ተያዘ ሲባል ለመደብደብ አንሩጥ፤ በአንቀጽ 20 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካላለው ድረስ እሱም ንጹሕ ነው። ያላየነውን አንመስክር፤ ያየነውን አንደብቅ። ወንድማችን ሲያዝ የተያዘበትን ሰዓት እንመዝግብ፣ ጣቢያ ስንሄድ ሁለትና ሦስት ሆነን በአክብሮት እንጠይቅ፣ «ስንት ሰዓት ሆነው? ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?» እንበል። የታሰረው ክርስቲያን ጎረቤታችን ሲሆንም እንደዚያው እናድርግ።

ሹመት አማና ነው። አማናውን ለተቀበለው አላህ ያግዘው፤ እኛም በመልካም ቃል እናስታውሰው። ቀጣዩ አዛዥ ማንም ይሁን ማን የምናቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ኦቦ ኮማንደር፣ ዛሬ ጣቢያዎ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙ መዝገብ ላይ አለ?