ፈቃዱን ማን ያገኛል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?



ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ዳር አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ቢራውም አብሮ ይገባል። የመጠጥ ንግድ ፈቃድ ሲበዛ ከተማው ግብር ያገኛል፣ ወጣቱም ሥራ ያገኛል። ይህን አናቃልልም። በአስተናጋጅነት ደመወዟ ታናናሾቿን የምታስተምር እህት አለች። የዳጉሳ አረቄ እያወጣች ልጆቿን ያሳደገች እናት ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር አታውቅም። “መጠጥ ቤት ይዘጋ” ብለን ብቻ ብንቀመጥ የአረቄው ጓዳ እንዳለ ይቀራል፤ የእናቲቱም መሶብ አይሞላም።

ዕንባቆም 2፥15 ግን ዝም እንድንል አይፈቅድልንም። በዚያ የነቢዩ ወዮታ የወረደው ባልንጀራውን በሚያሰክረው ላይ ነው። ሰካራሙን መገሠጽ ቀላል ነው፤ ቃሉ ግን ቀጂውንም፣ የሚያተርፈውንም፣ ፈቃድ የሚሰጠውንም ይጠይቃል። በገበያ ቀን ከሰሉን ወይም ድንቹን የሸጠ አባወራ ገንዘቡን መንገድ ዳር ጨርሶ ሲገባ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እቤት የምትጠብቀው ሚስቱ ናት። የልጆቹ ደብተርም ሳይገዛ ያድራል።

የአገራችን ሕግም ወሰን አበጅቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። እንጅባራ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከወላጆቻቸው ርቀው የመጡ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች አሉባት። ስለዚህ ሌላ ፈቃድ ከመጨመሩ በፊት “ባሉት ቤቶች ዕድሜ የሚጠይቅ አለ ወይ?” ብለን በትሕትና መጠየቅ ይገባናል። ኤርምያስ 29፥7 የከተማይቱን ሰላም እንድንፈልግ ያዝዘናልና።

ጥያቄው ግን ወደ እኛም ይመለሳል። በኤፌሶን ወንጌል የብር ሠሪዎችን ገቢ ነክቶ ነበር (ሐዋ. 19)። ዛሬም የአረቄ ጠላዋን ትታ ወደ ጌታ የምትመጣ እህት በማግስቱ ምን ትበላለች? ንስሐዋን በእልልታ ተቀብለን በባዶ እጇ ብንሸኛት ፍቅራችን ጎደሎ ነው። የቁጠባ ማኅበራችን መነሻ ገንዘብ ያበድራት፤ ሙያ ያለው ወንድም ያስተምራት፤ እንጀራ ብትጋግር ከእርሷ እንግዛ። መጠጥ ቤት ያለውንም ወንድም ከማማት ይልቅ ቤቱ ሄደን ከእርሱ ጋር እንጸልይ። ሮሜ 14፥21 ወንድም የሚሰናከልበትን ነገር መተውን መልካም ይለዋል፤ መተው ግን ከብቻ ይልቅ ከወገን ጋር ይቀላል።

ጌታ ሆይ፣ ለሹማምንቶቻችን ማስተዋልን፣ በመጠጥ ለታሰሩት መፈታትን፣ ለእኛም የሚዘረጋ እጅ ስጠን። አሜን።