ለመጠላት የሚከፈለው ሰው

ሜይ 26 ቀን 1987 የኒው ጀርሲ ፖሊስ አውራ ጎዳና ላይ አንድ መኪና አስቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪናው ውስጥ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ነበሩ። ሲፈተሹ ማሪዋና እና ኮኬይን ተገኘ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የአንድ ቀን የፖሊስ ዜና ሆኖ ይረሳ ነበር። ሰውን ጉድ ያሰኘው ግን ዕፁ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መኪና መገኘታቸው ነበር።

አንደኛው ጂም ደገን ነው። ረጅም ጣውላ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሕዝቡን "ዩ ኤስ ኤ! ዩ ኤስ ኤ!" እያስባለ ሪንግ ውስጥ የሚገባ አገር ወዳድ ጀግና። ሁለተኛው "አይረን ሺክ" ነው። የኢራንን ባንዲራ እያውለበለበ "ኢራን ቁጥር አንድ!" ካለ በኋላ የአሜሪካን ስም ጠርቶ እንትፍ የሚል ጠላት። ይህ ከመሆኑ ሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ሚሺጋን ፖንቲያክ በሚገኘው ስታዲየም፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ተመልካች ፊት ደገን ያንን ጣውላ ሺክ ጀርባ ላይ አሳርፎበታል። አሁን ደግሞ አብረው እየጠጡና እያጨሱ ወደሚቀጥለው ትዕይንት እየሄዱ ነው።

ድርጅታቸው፣ ያኔ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የሚባለው፣ ሁለቱንም አባረረ። በዚያ ሙያ ውስጥ ያኔ ኬይፌብ የሚባል ሕግ ነበር። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ሁሉም ሠራተኛ ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አይናገርም ነበር። ጀግናና ክፉ በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ጠረጴዛ አይበሉም፣ ተመልካች ባለበት አይሳሳቁም ነበር። ጠላትነቱ ከሪንጉ ውጪም መቀጠል ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች የጣሱት ይህንን ነው።

አስቂኙ ነገር፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1989፣ ያው ድርጅት እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ ለሕግ አውጪዎቹ "የእኛ ሥራ መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም" ብሎ በይፋ አመነ። ምክንያቱም መዝናኛ ከሆነ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ይድናል። ሠራተኛ ሲያጋልጠው የሚያስባርር ምስጢር፣ ባለቤቱ ሲያወጣው ትርፍ ሆነ።

እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሬስሊንግ ሲታይ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "እውነት ነው ወይስ ውሸት?" ግማሹ "ደሙን አታይም?" ይላል፤ ግማሹ "ፊልም ነው፣ ተነጋግረው ነው" ይላል። ይህ ክርክር እኔን ብዙም ይዞኝ አያውቅም። እኔን የሚይዘኝ ክፉው ሰውዬ ነበር። ሲገባ የሚጮህበት፣ ሲመታ የሚጨበጨብበት፣ በመጨረሻ መሸነፉ የማይቀርለት ሰውዬ። ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ብሎ ይገባል? ልጆቹስ ምን ይሉታል?

ከብዙ ዓመት በኋላ የአይረን ሺክን ታሪክ ሳነብ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው።

ሰውየው ሆሴን ኾስሮ ቫዚሪ ይባላል። በ1942 ኢራን ውስጥ ዳምጋን በምትባል ከተማ ተወለደ። ለኢራናውያን ትግል ማለት ለእኛ ሩጫ ማለት ነው። "ዙርኻኔ" የሚባሉ፣ ትርጉሙም "የብርታት ቤት" የሆነ፣ ጥንታዊ የማሠልጠኛ ቤቶች አሏቸው። እዚያ ውስጥ ሰዎች ከባባድ የእንጨት ዱላዎችን በከበሮ ምት ትከሻቸው ላይ እያዞሩ ሰውነታቸውን ያጠነክራሉ። ቫዚሪ ያደገው በዚህ ባህል ነው። የትውልዱ ጀግና ደግሞ ጎላምሬዛ ታኽቲ ነበር። ታኽቲ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልበርን ውድድር፣ በትግል ወርቅ ያጠለቀ ሰው ነው። ከሻሁ ጋር የማይስማማ የሞሳዴግ ደጋፊም ነበር። በጃንዋሪ 1968 ቴህራን ውስጥ ሆቴል ክፍል ሞቶ ተገኘ። መንግሥት ራሱን አጠፋ አለ። ብዙ ሕዝብ ግን አላመነም።

ቫዚሪ በወጣትነቱ የሻሁን ቤተሰብ ይጠብቅ እንደነበር ይናገራል። የታኽቲ ሞት ፍርሃት እንደለቀቀበትም በኋላ ተናግሯል። እንደዚያ ያለ ስመ ጥር ሰው እንዲያ ከሞተ፣ ሌላው በምን ይተማመናል? አገሩን ጥሎ አሜሪካ ገባ፤ ሚኒሶታ ተቀመጠ።

እዚያም የያዘው እውነተኛውን ትግል ነው። በ1971 በግሪኮ ሮማን የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆነ፤ ለአሜሪካ ቡድን በረዳት አሠልጣኝነት ሠራ። ከእውነተኛ ትግል ግን ኑሮ አይገኝም። እናም በ1972 ቨርን ጋኝ የተባለው የትዕይንት ትግል ባለሀብት ጋ ሄዶ ሠለጠነ። አብረውት ከሠለጠኑት አንዱ በኋላ ዓለም ያወቀው ሪክ ፍሌር ነው። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። በእውነተኛው ምንጣፍ ላይ በቀላሉ የማይወድቅ ሰው፣ ከዚህ በኋላ በቀጠሮ እንዲወድቅ ይከፈለዋል።

ጭንቅላቱን ተላጨ፣ ሪዙን አሳደገ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተጠማዘዘ ጫማ አደረገ። ስሙን ሺክ አሉት፤ የዐረብ ማዕረግ ነው። ራሱ ላይ የዐረብ ሻሽ አደረጉለት። ኢራናዊ ዐረብ እንዳልሆነ፣ ቋንቋውም ታሪኩም ሌላ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከለበሰውና ከያዘው ሁሉ የራሱ የነበሩት እነዚያ የዙርኻኔ ዱላዎች ናቸው። እነሱንም ሪንግ ላይ ይዞ እየወጣ "እንደ እኔ የሚያዞር ይምጣ!" እያለ ይፎክርባቸው ነበር። የአያቶቹ ጥበብ ለፉጨትና ለስድብ ማሟሟቂያ ሆነ።

በኖቬምበር 1979 ቴህራን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘ። 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታገቱ። አንድ ሙሉ አገር ቁጣውን የሚያሳርፍበት ፊት ፈለገ። ቴህራን ሩቅ ነው፤ ኾሜይኒን መድረስ አይቻልም። በየከተማው አዳራሽ ግን ትኬት ቆርጦ የሚጮህበት አንድ ኢራናዊ ነበር። ይህ ሰው አብዮቱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት የወጣ ነው። ቤተ መንግሥት ጠባቂ የነበረ ሰው ለአብዮተኞቹ ወዳጅ ሊሆን አይችልም። ሆኖም የአብዮቱን ፊት እንዲለብስ የተደረገው እሱ ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ክፉ ሆነው የሚጫወቱ ታጋዮችን ተመልካች በጩቤ ወግቷል፤ መኪናቸውን ሰባብሯል። ሚናው ሐሰት ነው፤ ጥላቻው ግን እውነተኛ ነበር።

ዲሴምበር 26 ቀን 1983 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ አይረን ሺክ ስድስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ሻምፒዮን ቦብ ባክለንድን አሸነፈ። ጀርባው ላይ ተቀምጦ አገጩን ወደ ኋላ ሲስበው የባክለንድ ሥራ አስኪያጅ ፎጣ ወረወረ። ለምን አሸነፈ? ምክንያቱም የድርጅቱ ባለቤት ቪንስ ማክማን ቀጣዩን ጀግና አዘጋጅቷል፤ ስሙ ሀልክ ሆጋን ነው። ጀግና ጀግናን ከጣለ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፉው ቀበቶውን ይወስዳል፤ ከዚያ አዲሱ ጀግና ከክፉው እጅ ያስመልሳል። ሺክ ቀበቶውን ይዞ የቆየው 28 ቀናት ብቻ ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1984 ሆጋን ጣለው። የሆጋን ዘመን የተጀመረው፣ ዛሬ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረው ንግድም የተወለደው በዚያች ምሽት ነው ማለት ይቻላል።

ሺክ ዕድሜውን ሙሉ የሚተርካት አንዲት ነገር አለች። ከዚያ ግጥሚያ በፊት ቨርን ጋኝ ደውሎ "የሆጋንን እግር ስበርልኝ፣ እከፍልሃለሁ" አለኝ ይላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ በእውነተኛ ትግል የሠለጠነ ሰው ይህን ማድረግ እንደሚችል ማንም አይጠራጠርም። አላደረገውም። ክፉው ሰውዬ ቃሉን ጠበቀና በቀጠሮው ወደቀ።

የሚገርመኝ ደግሞ ጓደኛው ነው። በማርች 1985 በመጀመሪያው ሬስልማንያ ሺክ ከኒኮላይ ቮልኮፍ ጋር ተጣምሮ የጥንድ ሻምፒዮን ሆነ። ቮልኮፍ የሶቪየትን ብሔራዊ መዝሙር እየዘመረ ሕዝቡን የሚያናድድ "ሩስያዊ" ነበር። እውነተኛ ስሙ ዮሲፕ ፔሩዞቪች ነው፤ ከኮሚኒስት ዩጎዝላቪያ የኮበለለ ክሮኤሽያዊ። ሁለት ስደተኞች ሸሽተው ያመለጡትን ሥርዓት ወይም ያላዩትን አብዮት እየወከሉ፣ መጠጊያ በሰጣቸው አገር ሕዝብ ይሰደባሉ። ደመወዛቸው ይኸው ነው።

ከዚያም የባሰ መጣ። በ1991 የባህረ ሰላጤው ጦርነት ሲጀመር ጠላት ተቀየረ። ድርጅቱ ሺክን "ኮሎኔል ሙስጠፋ" ብሎ የኢራቅ ደጋፊ አደረገው። ኢራንና ኢራቅ ከ1980 እስከ 1988 ስምንት ዓመት ተዋግተው መቶ ሺዎች አልቀዋል። የዳምጋኑን ልጅ የሳዳምን ወታደር ልብስ አለበሱት። ተመልካቹም ያው ጩኸቱን ጮኸ። ሁለቱን አገሮች የሚለይለት ነገር አልነበረውም፤ እንዲለይለት የፈለገም የለም።

በእኛ ቋንቋ "ትግል" የሚለው ቃል ለምንጣፉም ለፖለቲካውም ያገለግላል። "ታጋይ" ስንል ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ጠላት ከሌለ ገበያ የላቸውም። ዛሬ ስልካችሁን ስትከፍቱ በቀጥታ ስርጭት አንዱ የሌላውን ወገን ሲያዋርድ፣ ተመልካቹ ስጦታ ሲያዘንብ ታያላችሁ። ስርጭቱ ሲዘጋ ተሳዳቢዎቹ በአንድ መኪና ይሂዱ አይሂዱ አላውቅም። የማውቀው ስርጭቱን ያየው ሰው ጥላቻውን ይዞ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ጎረቤቱ እንደሚሄድ ነው።

"ማንም አላስገደደውም፤ ከፈለገ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሺክ በሚናው ይኮራ ነበር። ዝናም ገንዘብም አግኝቶበታል። የተበደለ መልአክ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም፤ በዕፅ ራሱን ጎድቷል፣ አፉም መረን የለቀቀ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በ1980ዎቹ አሜሪካ አንድ ኢራናዊ ታጋይ ጀግና ሆኖ ሪንግ ውስጥ እንዲገባ ማን ይፈቅድለት ነበር? ከፊቱ የነበረው የሚከፍል በር አንድ ነው፤ በሩ ላይም "ጠላት" የሚል ተጽፎበታል። ሰውየው መረጠ ስንል ስንት በር እንደነበረውም እንቁጠር።

ሒሳቡንም የከፈለው ብቻውን ነው። የዚህ ድርጅት ታጋዮች በወረቀት ላይ "ተቋራጭ" እንጂ ቅጥር ሠራተኛ አይደሉም። የጤና መድን የለም፣ ጡረታ የለም። ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም ተበላሸ። በ2003 ልጁን አብሯት ይኖር የነበረ ሰው ገደለበት። ይህ ሐዘን የቱንም ያህል ጠንካራ ሰው የሚሰብር ነው።

ከሁሉ የምታሳዝነኝ ግን አንዲት ድሉ ናት። ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ሂዩስተን ውስጥ በሬስልማንያ የድሮ ታጋዮችን ሰብስበው አጋጠሙ። ደንቡ ከገመዱ በላይ የተወረወረ ይወጣል ነው። አሸናፊው አይረን ሺክ ሆነ። ምክንያቱን በሙያው ያሉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ሰውነቱ ከመጎዳቱ የተነሳ ከገመዱ በላይ ተወርውሮ መውደቅ አይችልም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለመውደቅ ሲከፈለው የኖረ ሰው፣ መውደቅ ሲያቅተው አሸናፊ አደረጉት።

በ2005 በድርጅቱ የክብር መዝገብ ገባ። በስተርጅና ዘመኑ ትዊተር ላይ ሆጋንን እየሰደበ አዲስ ትውልድ አሳቀ። ጁን 7 ቀን 2023 ጆርጂያ ውስጥ፣ ቤቱ ሳለ፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። የሐዘን መግለጫው ጎረፈ። በልጅነታቸው ሲጮሁበት የነበሩ ሰዎች ምን ያህል ይወዱት እንደነበር ጻፉ። እውነታቸውን ይመስለኛል። ፍቅሩ ግን ለእሱ መጣ እንጂ ለወገኖቹ አልደረሰም። ኢራናዊ ማለት ቡት የተጫማ፣ የሚተፋና የሚያጭበረብር ሰውዬ ነው ብሎ ያደገ ልጅ አድጎ ድምፅ ሰጪ ሆኗል፤ አንዳንዱም ሕግ አውጪ ሆኗል። አይረን ሺክ ሞቶ ተቀብሯል፤ ያስጠላው ምስል ግን ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሰው አሁንም በዚያው ዓይን ኢራንን ያያል።

ስለዚህ ጠላት ነው ተብሎ አንድ ሰው ፊታችሁ ሲቀርብ፣ "ይህ ሰው እውነት ነው ወይስ ውሸት?" ከማለት በፊት ትኬቱን የሚሸጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከፋዩ ግን እናንተ መሆናችሁን አትርሱ።

ቸር እንሰንብት።