ነፋስ የገባበት ፋብሪካ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። በብራዚል አገር፥ በሳኦ ፓውሎ ከተማ፥ ፖምፔያ በሚባለው ሰፈር ያለው አሮጌ የበርሜል ፋብሪካ ጣሪያው ተሰነጣጥቆ ዝናብ ያስገባል። ወለሉ ላይ በተጠራቀመው ውኃ መካከል ወጣቶች ኳስ ይለጋሉ፤ ውኃው በተረጨባቸው ቁጥር ይሳሳቃሉ። በክሌሊያ ጎዳና በኩል ባለው በር እናቶች ለልጆቻቸው ምግብ ያሰናዳሉ፤ አለፍ ብሎ ሕፃናት የአሻንጉሊት ቴአትር ከብበው ይመለከታሉ። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1976 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ትዕይንት ቆማ የተመለከተችው አርክቴክቷ ሊና ቦ ባርዲ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መጥታ ያየችው ባዶውን ሕንፃ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝቷ ግን ሰዎቹን አየች። ያን ጊዜ ያደረባት ሐሳብም ይህ ደስታ ሳይደፈርስ መቀጠል አለበት የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ሁሉ ከዚያች ቅዳሜ የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሊና በ1914 በሮማ ከተማ ተወልዳ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ወደ ብራዚል የተሻገረች ባለሙያ ናት። ፋብሪካው ደግሞ በ1930ዎቹ ለበርሜል መሥሪያ ታንጾ፥ ኋላ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የተመረተበት ነው። ሴስክ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው የንግድ ሠራተኞች ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ቦታውን በ1971 ገዛው። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ማቆም በዚያ ጊዜ የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር፤ ፈርሶ የሚሠራ ነገር የዕድገት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበርና። ሊና ግን የሕንፃውን አጥንት መረመረች። ቀጫጭኖቹ የአርማታ ዓምዶች ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኤኔቢክ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ያስፋፋውን የአሠራር ስልት የተከተሉ መሆናቸውን ተገነዘበች። በግፊት በሚረጭ አሸዋ ልስኑን አስላጠችና ጡቡንና አርማታውን እንደ ተፈጥሯቸው ገልጣ ተወቻቸው። ሠራተኛው ያነባበረው ጡብ ከዓመታት በኋላ ፀሐይ ሞቀው፤ አገርም አወቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አንድ ጡብ ከመተኮሱ በፊት ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶም በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከመቃጠሉ በፊት ድንጋይ ነው። በመላው ዓለም ሰው ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ100 ውስጥ 8 ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ የሚመጣ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። እንግዲህ የቆመ ሕንፃ ማለት የተከፈለ ዕዳ ማለት ነው። እሳቱ ነዷል፤ ጢሱ ወጥቷል፤ ላቡ ፈስሷል። ጤነኛ ዓምድ ያለውን ሕንፃ አፍርሶ በምትኩ ሌላ የሚያቆም ሰው ያንኑ ዕዳ እንደገና ይበደራል፤ አበዳሪዋም ምድር ናት።

ይሁን እንጂ ግድግዳ ማዳን ብቻውን በቂ አይደለም። በማሽን ልክ የተሠራ አዳራሽ ለሰው እንዴት ይመቻል? ቢሞቅ ማቀዝቀዣ፥ ቢጨልም መብራት እየተደረገ ቢኖርበት፥ ከማፍረስ የተረፈው ኃይል በየቀኑ በኤሌክትሪክ መስመር ሾልኮ ይጠፋል። ስለዚህ ሊና መልሱን ከማሽን በፊት ከአየሩ ጠባይ ፈለገች። ሳኦ ፓውሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፥ በጋዋ ሞቃትና ዝናባማ፥ ክረምቷ ለዘብ ያለ ነው። በአሮጌዎቹ አዳራሾች ጣሪያ ላይ ከሸክላው ክዳን መካከል አንዳንዱ በመስተዋት ተተክቶ ብርሃን ከሰማይ እንዲወርድ ተደረገ። በትልቁ አዳራሽ ወለል ላይ የሳኦ ፍራንሲስኮን ወንዝ ስም የያዘ ጠመዝማዛ የውኃ ገንዳ ተበጀ፤ ከእርሱም ራቅ ብሎ ለብርድ ቀን የሚሆን የእሳት ምድጃ ተሠራ። ውኃና እሳት በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ።

ለስፖርት የሚሆነው ሕንፃ ግን አዲስ መሆን ነበረበት። በቦታው ሥር አጉዋስ ፕሬታስ የሚባል ወንዝ ተሸፍኖ ስለሚያልፍ በላዩ ላይ መገንባት አይፈቀድም። ሊና በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት የአርማታ ማማዎች አቁማ በአየር ላይ በተዘረጉ ድልድዮች አገናኘቻቸው። በወንዙ ላይ ሳንቃ ተነጠፈና ሕዝቡ በዕረፍት ቀን ፀሐይ የሚሞቅበት የከተማ ባሕር ዳርቻ ሆነ። ለሌላ አርክቴክት እንቅፋት በሆነ ነበር፤ እዚህ ግን የደስታ ቦታ ወለደ።

በትልቁ ማማ ውስጥ የኳስ ሜዳዎቹ በአራቱ ወቅቶች ስም ተሰይመዋል። መስኮት የላቸውም። በመስኮት ፈንታ የዋሻ አፍ የመሰሉ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ቀዳዳዎች ግድግዳውን በስተው ይታያሉ፤ መስተዋት የለባቸውም፤ የሚከፈት የሚዘጋው ቀይ የእንጨት ፍርግርግ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ትይዩ በሆኑት ግድግዳዎች ላይ ስለተከፈቱ በአንዱ በኩል የገባው ነፋስ የተጫዋቾቹን ትንፋሽና ሙቀት ጠራርጎ በሌላው ይወጣል። አየር ማቀዝቀዣ አላስፈለገም። ጥበቡ ነፋሱ መውጫ እንዲያገኝ ማድረጉ ላይ ነው፤ መውጫ ያጣ ነፋስ አይገባምና።

በእርግጥ ነፋስ በሚገባበት ብርድም ይገባል። በቴአትር አዳራሹም ተመልካቾቹ ከመድረኩ በሁለት ወገን ትይዩ የሚቀመጡት ትራስ በሌለው የእንጨት ወንበር ላይ ነው። «ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» ብሎ የሚያሾፍ ተመልካች አይጠፋም፤ ሊናም ወቀሳው ደርሷታል። መልሷ የጥንት ሰዎች ቴአትር ያዩ የነበረው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚል ነበር። ሙግቱ ዛሬም አላለቀም፤ ደግሞም ማለቅ የለበትም። ምቾት የሚባለው ነገር ምን ያህሉ የሰውነት ፍላጎት፥ ምን ያህሉ ልማድ እንደሆነ ካልተጠየቀ፥ ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ የሚባለው ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል፥ ክረምቱ በበረዶ በሚሸፈን አገር እነዚያ ክፍት ቀዳዳዎች ትልቅ ስሕተት በሆኑ ነበር። ከፖምፔያ መቀዳት ያለበት ጥያቄው ነው፦ ፀሐይ በየት ትወጣለች? ነፋስ ከየት ይመጣል? ውኃው በየት ያልፋል? ሕዝቡስ እዚህ ምን እያደረገ ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ወሰደ። ሊና ከአንድሬ ቫይነርና ከማርሴሎ ፌራዝ ጋር ቢሮዋን እዚያው በግንባታው መካከል አድርጋ፥ ከግንበኛውና ከአናጺው ጋር እየመከረች ሠራች። የታደሱት አዳራሾች በ1982፥ ማማዎቹ በ1986 ለሕዝብ ተከፈቱ። እርሷ በ1992 ዐረፈች፤ ሥፍራው በ2015 በብራዚል ብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ።

ጣሪያው ዛሬ አያፈስም። ሽማግሌዎች በገንዳው አጠገብ ዳማ ይጫወታሉ፤ ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ማማው ይሮጣሉ። አሮጌ ፋብሪካ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስን ማንም ቢሆን ከመፈረሙ በፊት አንድ ቅዳሜ ተመልሶ ቢሄድ መልካም ነው፤ ምናልባት በውኃው መካከል ኳስ የሚለጋ ልጅ ያገኝ ይሆናል።