የአባያው ቁጥር ስለማን ይናገራል?

ዒድ ሲቃረብ በየቤታችን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ድሮ እናት ልጆቿን አስከትላ መርካቶ ትወጣ ነበር። ጨርቁን በጣቷ እያሸች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች፣ ልብሱን በልጇ ትከሻ ላይ እየለካች ትከራከራለች። ዛሬ ብዙዎቻችን ስልካችንን ይዘን እንቀመጣለን። ከዱባይ ወይም ከቱርክ የመጣው አባያ በቴሌግራም ይታያል፤ ገንዘቡ በባንክ ይተላለፋል፤ ዕቃው በሞተር ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ይህን የምጽፈው መንገዱን ለመንቀፍ አይደለም። ሥራ የሚውሉና ጨቅላ የያዙ እህቶች ብዙ ድካም ቀርቶላቸዋል፤ አል-ሐምዱ ሊላህ። እኔን የሚያሳስበኝ ዓይናችን ጨርቁን ትቶ የለበሰችውን ሴት ማየቱ ነው።

እናቴ (አላህ ይዘንላትና) ለሰፈር ሴቶች ልብስ ትሰፋ ነበር። «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻን፣ ደረትን፣ ዳሌን፣ እጅጌን ለክታ በደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት እህትማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት ልክ አልነበራቸውም። ፋብሪካ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በአንዲት ሴት ሰውነት ላይ ናሙናውን አስተካክሎ ይሰፋል፤ ከዚያ በስሌት እያሰፋና እያጠበበ ሌሎቹን ቁጥሮች ያወጣል። ሰውነታችሁ ከዚያች ሴት በራቀ ቁጥር ልብሱም እየሳታችሁ ይሄዳል።

ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 በአሜሪካ 15,000 ያህል ሴቶች ለዚሁ ጉዳይ ተለክተው ነበር፤ ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልክ ግን ከስሌቱ ተትቷል። በ1958 የወጣው የአገሪቱ የሴቶች ልብስ መለኪያ የተመሠረተው በዚሁ ጥናት ላይ ነበር። በ1983 መለኪያው ተሠረዘ። ከዚያ ወዲህ አምራቹ ሁሉ ቁጥሩን እንደፈቀደው ይለጥፋል። እንግዲህ የኛ ልጅ «ልኬ አይደለም» ብላ የምታዝንበት ቁጥር ይህን ያህል ክብር ይገባዋልን?

የአባያ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። 52፣ 54፣ 56፣ 58 የሚባለው በኢንች የተለካ ርዝመት ነው፤ ከትከሻ እስከ ታችኛው ጫፍ። 54 ማለት 137 ሴንቲ ሜትር፣ 56 ደግሞ 142 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለ ስፋት አንዳች ነገር አይናገርም! በፎቶው ላይ ያለችው ረጅምና ቀጭን ሞዴል፣ ምናልባትም ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣ አባያው እንደ ውኃ ሲፈስላት እናያለን። ያው አባያ በሌላዪቱ ላይ ደረቷንና ዳሌዋን እየያዘ ይቀራል። ገላን ሊሰውር የተገዛ ልብስ ገላን ሲያሳይ ውሎ ያድራል።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷን አይታ 56 አዘዘች። አባያው መጣ፤ ለበሰችው፤ ደረቷ ላይ ተወጠረ። በመስተዋት ፊት ብዙ ቆማ «አክስቴ፣ ጥፋቱ የልብሱ አይደለም፣ የኔ ነው» አለችኝ። ቤተሰቡ ያላስተዋለው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ መተዋን ነው። እኔ ያወቅሁት በአራተኛው ቀን ነበር። አባያውን አልጋ ላይ ዘርግተን በእናቴ ሜትር ከብብት እስከ ብብት ለካነው፤ 49 ሴንቲ። ዙሪያው 98 መሆኑ ነው። የእሷ ደረት 100 ነው። ዘርፈፍ እንዲል ብንፈልግ ቢያንስ 115 ሊሆን በተገባው ነበር። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየችው። አላህ አስተካክሎ የፈጠረው ሰውነት ለፋብሪካ መቀስ ሲባል ይራባልን?

ፎቶ ሲነሣ ደግሞ የሚደረግ ሌላ ነገር አለ። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ከሞዴሏ ጀርባ በስፒል ወይም በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ከፊት ለፊት በልኳ የተሰፋ ይመስላል። በሙያው የተለመደ ስለሆነ ማንም እንደ ማታለል አይቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ያገኙት እህል ሻጭ ትዝ ይለኛል። ክምሩ ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙትና፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። በመቆንጠጫ የተያዘውም ጀርባ ከሥር እንደተደበቀው እርጥብ እህል ነው እላለሁ።

አንዳንድ ሻጮች አንዱን አባያ አጭሯም፣ ረጅሟም፣ ሞላ ያለችውም ለብሰውት ያሳያሉ። አላህ ይጨምርላቸው። ይህ ሴቶችን ለማስደሰት ብቻ የሚደረግ አይምሰላችሁ፤ ጨርቁ በተለያየ አካል ላይ የት እንደሚይዝና የት እንደሚለቅ ያሳውቃል። ሆኖም ጥንቃቄ አይለየን። ወፍራም ተብለው የሚታዩት ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ ረጃጅሞች ናቸው፤ አጭርና ሞላ ያለች እህት ከነሱም ላይ ራሷን አታገኝም። የሞዴሏ ቁመትና የለበሰችው ቁጥር ከተጻፈ ግን ከራሳችሁ ቁመት ጋር አስተያዩት። ሁሉንም የሚበልጠው፣ ቤት ውስጥ ካላችሁ ልብስ በደንብ የሚሆናችሁን ዘርግታችሁ መለካትና ሻጩን ያንኑ መጠየቅ ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውንም ነገር እናንሣ። የሐነፊ ዑለማእ ሳያይ የገዛ ሰው ዕቃውን ባየ ጊዜ የመውሰድ ወይም የመመለስ ምርጫ አለው ይላሉ፤ ኺያሩ-ር-ሩእያ ይባላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን በደፋው አቋም ደግሞ ያልታየ ዕቃ ሽያጭ ከመሠረቱ አይጸናም። ፎቶን ማየት ዕቃውን እንደ ማየት ይቆጠራልን? መልሱን ለዑለማእ እተዋለሁ። ነገር ግን ሞተረኛው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ለክታችሁ ካልሆነ ይመለስ የሚሉ ሻጮች አሉ፤ የመላኪያውን ገንዘብ ገዢዋ ትከፍላለች። እህቴና ልጇ አሁን የሚገዙት ከነዚህ ብቻ ነው፤ ሜትሩም በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።