ላስ ቬጋስ ለሁለት

ላስ ቬጋስ ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እሑድና በዓል ሳይል በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው። ሁለት ሰዎች መታወቂያቸውን ይዘው ገብተው 102 ዶላር ቢከፍሉ፣ የደም ምርመራ ሳይጠየቁና ቀጠሮ ሳይሰጣቸው ፈቃዱን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌ መላክ፣ ጥሎሽ ማየት፣ መልስ መጥራት ለለመደ ሰው ጥድፊያው ያስደነግጣል። ከተማዋ ግን ከጥንዶች ጉዳይ ጋር ከተሳሰረች ቆይታለች። የኔቫዳ ግዛት ቁማርን ሕጋዊ ባደረገበት እ.ኤ.አ. በ1931 ለፍቺ የሚጠየቀውን የነዋሪነት ጊዜም ወደ ስድስት ሳምንት አሳጠረው። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የሚጋባውም የሚፋታውም ወደዚያው ይጎርፍ ነበር፤ የሚጋባው ዛሬም ይጎርፋል።

ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል ወይም ከዳላስ ተነሥተው የጋብቻ በዓላቸውን እዚያ ለማክበር የሚያስቡ የእኛ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ከተማዋ ለሁለት ሰው የተመቸች ብትሆንም የቁማር አዳራሹ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። የቁማር ማሽኑ ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ከጀርባው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል፣ ከዚያ ብቻውን ወደ ክፍሉ ይወጣል። በአዳራሹ ውስጥ መስኮትም የግድግዳ ሰዓትም ስለማይታይ የተቀመጠው ሰው መሸ ነጋ አይልም። ለፍቅር ጊዜ ተብሎ የተወጠነ ጉዞ በዚህ መንገድ ሲበተን ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ዕቅዱ ሁለቱን ሰዎች አብረው በሚያውሉና በሚያመሹ ነገሮች ዙሪያ መሠራት አለበት፤ እነዚህ ደግሞ በከተማዋ ሞልተዋል።

ሁላችንም በፊልም የምናውቀው ጎዳና ስትሪፕ ይባላል፤ 6.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉ በሕግ የላስ ቬጋስ ከተማ አይደለም፤ በክላርክ ካውንቲ ሥር ያለ ፓራዳይዝ የተባለ አካባቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከጎኑ ነው፤ ከወረዱ ብዙም ሳይቆዩ ሆቴል ይደርሳሉ። በእግር ሲሆን ግን ርቀቱ ያታልላል። አጠገብ የሚመስል ሕንፃ ሃያ ደቂቃ ሊያስኬድ ይችላል፣ መሻገሪያ ድልድዮቹም ብዙ ጊዜ በሆቴሎቹ ደጃፍ ያሳልፋሉ። ተረከዛማ ጫማ ለእራት ይቀመጥ።

ምሽቱን ከቤላጂዮ ፊት ለፊት መጀመር ይሻላል። ይህ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት ፊቱ ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይዞ ነበር፤ ውሃው በሙዚቃ ወደ ሰማይ እየተወነጨፈ ይጨፍራል፣ ሲመሽ በየ15 ደቂቃው ነው። ምንም አይከፈልበትም። እኔ በከተማው ካሉት ትርኢቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ሁለት ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ ነውና። ወደ ውስጥ ሲገቡ የእንግዳ መቀበያው ጣሪያ የመስታወት ሠዓሊው ዴል ቺሁሊ በሠራቸው 2,000 ያህል የመስታወት አበቦች ተሸፍኗል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ በየወቅቱ የሚቀያየር የአበባ አዳራሽ አለ፤ እሱም በነፃ ነው። ከመንገዱ ማዶ የፓሪሱን ኤፍል ማማ በግማሽ ቁመቱ የቀዳ 165 ሜትር ማማ ቆሟል፤ ከላዩ ላይ ሆኖ ያንኑ የውሃ ጭፈራ ቁልቁል ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የተከፈተው ስፊር የተባለው ድቡልቡል አዳራሽ ደግሞ ከውጭ ቆዳው በሙሉ የመብራት ሥዕል ነው፤ ከሩቅ ማየቱ ብቻ ይበቃል።

ስለ ወጪው በግልጽ እንነጋገር። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው የክፍል ዋጋ ከዓርብና ከቅዳሜው ብዙ ይቀንሳል። በጥር የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ሲካሄድ፣ በኅዳር ደግሞ የፎርሙላ ዋን ውድድር ሲመጣ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ርካሽ ዋጋም የመጨረሻው ላይሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ሆቴሎች በየሌሊቱ «ሪዞርት ፊ» የሚሉትን ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላሉ፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠቅላላ ድምሩን እዩ። ታላላቆቹ ትርኢቶች በሳምንት ውስጥ የሚያርፉባቸው ቀናት ስላሏቸው መጀመሪያ የትርኢቱን ቀን አረጋግጡ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ይከተል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ጸደይና መኸር ይሻላል።

ቁማሩን መሞከር የሚፈልግ ይሞክር፤ ግን ስሌቱን ይወቅ። ሁለት ዜሮ ባለው የአሜሪካ ሩሌት 38 ቁጥሮች አሉ፤ የሚከፈለው ግን ለአንድ ዶላር 35 ነው። በዚህም ከሚያዝ 100 ዶላር ውስጥ በአማካይ 5.26ቱ ለቤቱ ይቀራል። ሦስት ዜሮ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ 7.69 ይወስዳል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሒሳቡ ተጫዋቹ ሳይቀመጥ ያለቀ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ባልና ሚስት ከቤት ሳይወጡ ገንዘቡን ይወስኑ፤ ያ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል። ተበድሮ ወይም ደብቆ መጫወት የስንቱን ትዳር እንዳናጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንዱን ጠዋት ለበረሃው መስጠት ያስፈልጋል። ሬድ ሮክ ካንየን ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገራልታን ቀያይ ቋጥኞች ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ አገሩ ትዝ ይለዋል። 21 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙሪያ ጥምጥም የመኪና መንገድ አለው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ሁለት ሰዎች ተደማምጠው የሚያወሩት እዚያ ነው።

ከተማዋን ለእኛ ልዩ የሚያደርጋት ሌላም ነገር አለ። ታክሲ ስትሳፈሩ ሾፌሩ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሊላችሁ ይችላል፤ ካርታ ከሚያድሉት፣ ወጥ ቤት ከሚሠሩት፣ ክፍል ከሚያጸዱት መካከል የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከስትሪፑ በስተ ምዕራብ፣ ዲኬተር በተባለው ጎዳና አካባቢ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ካውንቲውም ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ተቀብሎታል። ረቡዕና ዓርብ ጾም የያዘ ሰው የሆቴል ቡፌ ውስጥ ከመቸገር እዚያ ሄዶ በያይነቱ ይብላ፣ ቡናውንም ከነዕጣኑ ይጠጣ። የቱ ቤት ክትፎ እንደሚጥም ለማወቅ ሾፌሩን መጠየቅ ይበቃል።

በሆቴሎቹ ወጥ ቤት የሚሠሩትና ክፍል የሚያጸዱት ሰዎች ኑሮ በሠራተኛ ማኅበር ትግል የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኩሊናሪ ማኅበር አባላት ለሥራ ማቆም አድማ ተዘጋጅተው ከታላላቆቹ ሆቴሎች ጋር አዲስ ውል ሲፈራረሙ፣ ካስከበሯቸው ነገሮች አንዱ ክፍሎች በየቀኑ እንዲጸዱ ነው። ለእንግዳው ትንሽ የምትመስለው ይህች ነገር ለሠራተኛዋ የሥራ ሰዓትና እንጀራ ናት፤ ለቀናት ሳይጸዳ የቆየ ክፍልም ሲደርሳት ወገብ ይሰብራል። እናም ስትሄዱ፣ በቁማር ጠረጴዛ ላይ ልትተዉት ካሰባችሁት ላይ ጥቂት ዶላር ቀንሱና ክፍላችሁን ለምታጸዳዋ ሴት በየቀኑ ጠዋት አስቀምጡላት። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ ዛሬ ያጸዳችው ነገ ላትመለስ ትችላለች።