አሪፍ ከማለታችን በፊት

ፊልሙ አሪፍ ነው። ማኪያቶው አሪፍ ነው። አዲሱ ሥራ አሪፍ ነው፣ አለቃውም አሪፍ ሰው ነው። ቴሌግራሜን ወደ ላይ እየገፋሁ በአንድ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ልቆጥር ጀምሬ መሃል ላይ ተውኩት።

ቃሉን አልጠላውም። ታሪኩም ደስ ይላል። ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ እዚያ «ዓሪፍ» ማለት ዐዋቂ ማለት ነው። እኛም ጋ ይሄ ትርጉም ጨርሶ አልጠፋም። «አሪፍ ነኝ ባይ» ስንል ከሁሉ በላይ ዐውቃለሁ የሚለውን ሰው ማለታችን እንጂ መልኩን ማድነቃችን አይደለም። ከሰው ተነስቶ ነው ወደ ጫማ፣ ወደ ዘፈን፣ ወደ ማኪያቶ የተዛመተው።

የእንግሊዝኛው «ናይስ» ደግሞ የመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የላቲን አባቱ «ኔስኪዩስ» ትርጉሙ «የማያውቅ» ነው። በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ሲገባ ሞኝ ማለት ነበር። ከዚያ ቁንጥንጥ፣ ከዚያ ጥንቁቅ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ደስ የሚል ሆነ። ጄን ኦስተን በ1817 በታተመው «ኖርዛንገር አቢ» ልቦለዷ ውስጥ አንዱ ገጸ ባሕርይ በዚህ ቃል ላይ እንዲያሾፍ አድርጋለች፤ ቀኑም፣ ሽርሽሩም፣ ሰዉም በአንድ ቃል መጠራታቸው አስቆታል። ያለማወቅና የማወቅ ቃሎች ተጉዘው ተጉዘው አንድ ቦታ ተገናኙ፤ ሁለቱም አሁን «ደስ ይላል» ብቻ ናቸው።

ከአሪፍ በፊት ግን በምን እናደንቅ ነበር?

«ጥሩ» ከጠራ ነው። ጥሩ ወርቅ ማለት ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ወርቅ ነው። «መልካም» ውስጥ መልክ አለ፤ መልክ ያለው ማለት ነው። «ግሩም» በግእዝ የሚያስፈራ ማለት ነው፤ ግሩም ንግግር ስንል፣ ሳናውቀው፣ አፍ የሚያስይዝ ማለታችን ነው። «ሸጋ» ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጋ ስል «የጎንደር ልጅ ነህ እንዴ?» የሚለኝ ሰው አላጣም። እኛ ጋ፣ ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ሸጋ የዕለት ቃል ነው። ሸጋ ልጅ፣ ሸጋ በሬ፣ ሸጋ ገብስ። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ሁሉ ሸጋ ነው።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው «ደህና» ነው። ሥሩ የግእዙ «ድኅነ» ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ። «ደህና ነህ?» የሚለው ሰላምታ ሲፈታ «ተርፈሃል ወይ?» ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ሲባል «ደህና ነው» የሚል ሰው ብዙም አልወደድኩትም ማለቱ ነው። አገሬ ግን ቃሉ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ነው ያለው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ዝናብ ሲዘገይ ወይም ቶሎ ሲያቆም የሚሆነውን ሰዉ ከወሬ አይደለም የሚያውቀው። እዚያ «ዝናቡ ደህና ነው» ማለት ዘንድሮ ከብት አንሸጥም፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም፣ ማንም ለቀን ሥራ ወደ ቆላ አይወርድም ማለት ነው።

አንድ ክረምት እናቴ በስልክ «ዝናቡ ደህና ነው» ስትለኝ «አሪፍ!» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ዝናብ ምን ይሆናል አልከኝ ልጄ?» አለች።

«አሪፍ ነው አልኩሽ እማዬ። በዐረብኛ ዐዋቂ ማለት ነው።»

«እሱስ እውነት ነው። የሚመጣበትን ቀን ካወቀ ዐዋቂ ነው» ብላ ሳቀች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ፎቶ የለም፣ የድምፅ መልእክት የለም። መስመር ሲገኝ ያቺን የደቂቃ ጥሪ እንጣደፍባታለን። «እንዴት ናችሁ?» ስላት «ደህና ነን» ትለኛለች። ጥሩ ነን አላለችም፤ የጠራ ነገር የለማ። ሰላም ነው አላለችም፤ ውሸት አትወድም። ደህና ነን፤ ዛሬን ተርፈናል። በሁለት ቃል ከዜናው የበለጠ ነገረችኝ፤ እኔም ስልኩን ዘግቼ ያን ሌሊት ተኛሁ።

ለዚህ ነው ቃል ሲቀንስ የምሰጋው። አሪፍ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ነገም እጽፈዋለሁ። ግን እናቴ ያን ቀን «አሪፍ ነው» ብትለኝ ኖሮ ምን እሰማ ነበር? ሰው መትረፉንና ማማሩን፣ መጥራቱንና ማስፈራቱን ለይቶ የሚነግርባቸው ቃላት ያስፈልጉታል፤ በተለይ የስልኩ መስመር አጭር ሲሆን።

ሰሞኑን ደውዬ ስለ ገብሱ ጠየቅኳት። «ሸጋ ነው» አለች፤ ረጋ ብላ፣ ቃሉን ሳብ አድርጋ። ደህና አላለችም። ከደህና አልፏል ማለት ነው። ቁጭ ካልኩበት ተነሳሁ።