ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ የመጽሐፍ ትእዛዝና የሾና ሽማግሌዎች ምክር

ልጅ መውለድና መመገብ ለእንስሳም የተሰጠ ነው፤ ልጅን ሰው ማድረግ ግን ለሰው ብቻ የተሰጠ ሥራ ነው። በዚምባብዌ የሚኖረው የሾና ሕዝብ የዚህን ሥራ ፍሬ «ኡንሁ» በሚል በአንድ ቃል ይጠራዋል። ትርጓሜውም ሰው መሆን፥ ይኸውም ሌላውን አክብሮ በመልካም ጠባይ መኖር ነው። እጅግ የተማረ ቢሆንም ኡንሁ የሌለውን፥ ገና ሰው አልሆነም ይሉታል።

የዚህን ሕዝብ ልማድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋራ ሳስተያይ አንድ ነገር አስደነቀኝ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እስራኤል ሕጉን በቤትም በመንገድም፥ ሲተኙም ሲነሡም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ታዘዋል። እኛ ትእዛዙን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ማን፥ መቼ፥ በምን ስፍራ እንዲያስተምር ሳንወስን ዘመናችን ያልፋል። የሾና አባቶች ይህን ወስነውት ነበር። ወንዱ ልጅ «ዳሬ» በሚባለው የወንዶች መሰብሰቢያ እሳት ዳር ተቀምጦ የሽማግሌዎችን ጨዋታና ፍርድ ይሰማ ነበር። ሴቲቱን ልጅ ስለ ትዳር የምትመክራት «ቴቴ» የምትባለው የአባቷ እኅት ናት፤ በእናት ፊት የሚያሳፍረውን ለአክስት መናገር ይቀላልና። ማታም ሥራ ሲያልቅ አያት «ንጋኖ» የተባለውን የጥንቸልና የዝንጀሮ ተረት ትጀምራለች፤ ልጆቹም በየመካከሉ በአንድ ድምፅ ይመልሱላታል። በዚህ ዓይነት ስስትና ተንኰል ምን እንደሚያመጡ ሳይገሠጹ ይማራሉ።

አባትና እናትን ስለ ማክበርም ብርቱ ሥርዓት አላቸው። እናቱን የመታ ወይም ያዋረደ ሰው «ኩታንዳ ቦትሶ» የሚባለውን ቅጣት ይቀበላል፤ ማቅ ለብሶ በየመንደሩ እየዞረ ለጠላ የሚሆን እህል ይለምናል፥ ሕዝቡም ይዘብትበታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን የሙታን መናፍስት ፍርሃት ክርስቲያን አይቀበለውም፤ የእናትን ክብር ግን ኦሪትም ያዝዛል። ሆኖም ቦትሶ የሚከስሰው ልጁን ብቻ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ወንጌል በልማዱ ላይ የጐደለውን ሚዛን ይጨምርለታል።

በትርን በሚመለከት ነገር ዛሬ ብዙ ወላጆች ይጨነቃሉ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የዚምባብዌ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወንዶች ልጆች በፍርድ እንዳይገረፉ ወሰነ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሕጉ በተማሪ ቤት መግረፍን ከለከለ። «ሰሎሞን ያመሰገነው በትር ከተወሰደ ምን ይቀረናል?» የሚል አይታጣም። እኔ ግን ምሳሌ ይቀረናል እላለሁ። ሾናዎች፥ ፍየል «ሙፌንጄ» የተባለውን ዛፍ ቅጠል የምትበላው እናቷን መስላ ነው ይላሉ። በልጁ ፊት የሚዋሽ አባት ስለ ውሸት ቢገርፈው በትሩ ደክሞ ይቀራል እንጂ ልጁ አይታረምም።

ከበትሩ መወሰድ ይልቅ የሚያሳዝነው የመካሪው መራቅ ነው። ብዙ የዚምባብዌ ወላጆች ለእንጀራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግረዋል፤ ቴቴ በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ የከተማ ቤትም የዳሬ እሳት የሚነድበት ግቢ የለውም። ልጁ ከአያቱ ጋራ ይቀራል፤ ገንዘቡ ይላክለታል፥ ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይምሰለን። ለእኛም ቤተ ክርስቲያን ወላጅ ብቻውን እንዳይደክም የክርስትና አባትንና የክርስትና እናትን ሰጥታን ነበር። ስማቸው በጥምቀት ቀን ተጠርቶ ከዚያ በኋላ የሚረሳ ከሆነ፥ እኛም ቴቴ ሳለችን ቴቴ እንደሌለን ሆነናል። ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ልጅ ስታጠምቁ የክርስትና አባቱን «ይህን ልጅ የምትመክረው በየትኛው ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወላጆችም ከሳምንቱ አንዲት ማታ ለይተው ለልጆቻቸው ይስጡ። ሾናዎች፥ ዛሬ ያሳደግኸው ነገ ያሳድግሃል ይላሉና፤ የምንዘራበት ማታ ሳያልፍ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን።